የመምህሩ ኪቦርድ ሆድ ዕቃ

የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኟን ሙዚቀኞች ሁሉ «ጓንት» ይሏታል። ስሟን ከነአባቷ የሚያውቅ ካለ የቤት አከራይዋ ብቻ ነው። የሰው ኪቦርድ በባዶ እጇ አትነካም። ደንበኛ እጁን ሲዘረጋላት እንኳ በአንገቷ ሰላም ብላ ታልፈዋለች።

ከልጅነቷ ጀምሮ ተጸያፊ ነበረች። ሌላ ሰው የቀመሰውን አትቀምስም፤ ሌላ ሰው የተነሳበት ወንበር ሙቀቱ እስኪበርድ ቆማ ትጠብቃለች። እናቷ «ይቺ ልጅ ባሏንም በሳሙና ካላጠበች አትቀበለውም» እያለች ጎረቤት ታስቅባት ነበር። ነርስ ሁኚ ሲሏት አቅለሸለሻት። መምህር ሁኚ ሲሏት የልጆች ንፍጥ ታያት። በመጨረሻ ኤሌክትሮኒክስ ተማረች። ደም የለው፣ መግል የለው፣ ምራቅ የለው፤ ሽቦና መብራት ብቻ ነው ብላ።

የመጀመሪያውን ኪቦርድ ፈትታ ክዳኑን ያነሳች ቀን ነው የተሳሳተችው የገባት። ከቁልፎቹ ሥር በረሮ ከነልጅ ልጆቹ ሰፍሯል። ጸጉር አለ፤ የብስኩት ፍርፋሪ አለ፤ የደረቀ ማስቲካ አለ፤ ከሁሉ የባሰው ደግሞ የተከረከመ ጥፍር አለ። ዘፋኙ ከላይ ፍቅር ፍቅር እያለ ከታች ጥፍሩን ሲከረክም ኖሯል። ያን ቀን ምሳ አልበላችም። ሥራውን ግን አልተወችም፤ ምክንያቱም እጇ ጎበዝ ነበር፤ ቆሻሻውን ጠርጋ ስትጨርስ ደግሞ ከሥር የሚወጣው ንጹሕ ሰሌዳ ደስ ይላት ነበር። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ እየተጸየፈች ኖረች። የሥራ ቤቷ ከልብስ ሰፊውና ከማተሚያ ቤቱ መሃል ፎቅ ላይ ያለች አንድ ክፍል ናት፤ ረጅም ጠረጴዛ፣ አንድ መብራት፣ አልኮል፣ ጥጥ፣ ካቻቪቴዎች በመጠናቸው ተደርድረው፣ ጥግ ላይ የእጅ መታጠቢያ።

ጋሼ ወደዚህች ክፍል የመጡት አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ጋሼ የሙዚቃ መምህር ናቸው፤ ከትምህርት ቤት ጡረታ ከወጡ ወዲህ በቤታቸው ያስተምራሉ። የሬዲዮው የማለዳ ዝግጅት ሲጀምር የሚሰማው ዜማ የእሳቸው ነው። ሰው በየመድረኩ ሲያስተዋውቃቸው «ከተማውን በየቀኑ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሱ» ይላል፤ እሳቸውም አንገታቸውን ደፋ ያደርጋሉ። የታክሲው ሾፌር ኪቦርዱን ተሸክሞላቸው ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ልጄ፣ ይሄ ዕቃ ዐሥራ አራት ዓመት አብሮኝ ኖሯል። ከባለቤቴ ይልቅ እሱ ይታገሰኛል። አሁን ግን መሃል ላይ አንዷን ድምፅ ይዞ እንደተራበ ጥጃ ይጮህብኛል። ከዚያ ድርቅ ይላል፤ አጥፍቼ ካላበራሁት አይነቃም።»

ይህን እያሉ አውራ ጣታቸውን በምላሳቸው አረጠቡና የኪቦርዱን ስክሪን አቧራ ጠረጉበት። ጓንት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ታናሽ እህቴ እርስዎ ጋ ተምራ ነበር» አለቻቸው ለጨዋታ ያህል።

«ማን ያልተማረ አለ?» አሉ ጋሼ። ስሟን አልጠየቁም። ቅዳሜ ወይ ሰኞ እንደሚመለሱ ነግረዋት ወረዱ።

ከፍታ አጸዳችው። ለመምህር ዕቃ ከጠበቀችው በላይ ቆሻሻ ነበር፤ ስለዚያ ባንናገር ይሻላል። ጽዳቱ ግን በሽታውን አላዳነውም። ላስቲኮቹን ለካች፣ ሰሌዳዎቹን አንድ በአንድ ፈተሸች፤ ሁሉም ደህና ነው። የታመመው በእጅ የሚነካ ነገር አልነበረም። እንዲህ ያለ ኪቦርድ ሲበራ መጀመሪያ የሚያነበው፣ ማን እንደሆነና ምን እንደሚሠራ የሚነግረው ጽሑፍ በውስጡ ተቀምጧል፤ ባለሙያዎቹ ፈርምዌር ይሉታል። የዚህ ሞዴል ጽሑፍ ስሕተት ነበረበት። ፋብሪካው ራሱ ይህን ደርሶበት ከብዙ ዓመት በፊት የታረመውን አውጥቶ ነበር። ጓንት ኢንተርኔት ላይ አገኘችው። ግን የታረመውን ጽሑፍ ወደ ኪቦርዱ የሚያስገባው ፕሮግራም የተሠራው ዛሬ ማንም ለማይጠቀምበት አሮጌ የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። የእሷ ላፕቶፕ ገና ስሙን ሲያይ አልከፍትም አለ።

ለፋብሪካው በኢሜይል ጻፈች። በማግስቱ መልስ መጣ። «ምርቱ የአገልግሎት ዘመኑን ጨርሷል፤ አዲሱን ሞዴል እንዲገዙ እንመክራለን።» ከሥሩ ጥርሷን ያሳየች ሴት አዲሱን ሞዴል አቅፋ የተነሳችው ፎቶ አለ። ጓንት ፎቶውን አይታ፣ «ጥርስሽ ይርገፍ» አለችና ዘጋችው። የሚሠራን ዕቃ ጣሉት የሚል ሰው ከበረሮ ይልቅ ያስጠላታል።

መላ አላጣችም። ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር መፍጠር ይቻላል። ቨርቹዋል ማሽን ይባላል። ላፕቶፑ አዲስ እንደሆነ ይቀራል፤ ስክሪኑ ላይ በተከፈተች አንዲት መስኮት ውስጥ ግን አሮጌው ሥርዓት ራሱን የቻለ ኮምፒውተር መስሎት ይሠራል። የአሮጌው ሥርዓት ዲስክ መሳቢያዋ ውስጥ ነበራት። ረቡዕን ሙሉ ስትጭነው ዋለች። የድሮው የመክፈቻ ሙዚቃ ሲሰማ ልብስ ሰፊው ከጎረቤት «ውይ፣ ይሄ ነገር አልሞተም እንዴ?» አለ።

ችግሩ ኪቦርዱን ከዚያች መስኮት ጋር ማገናኘቱ ላይ ነበር። ገመዱን ስትሰካው ያየዋል፤ ፕሮግራሙ ሊጀምር ሲል ግን ኪቦርዱ ድንገት ይጠፋበታል። «መሣሪያው አልተገኘም።» አምስት ጊዜ ሞከረች፤ አምስቴም ያው። ሐሙስ ከሰዓት ነው ነገሩ የተገለጠላት። ኪቦርዱ ለዕርማቱ ሲዘጋጅ ራሱን ያጠፋና በሌላ ስም ተመልሶ ይበራል። ይህን ሁለተኛ ስም ውስጠኛው ኮምፒውተር ስለማያውቀው ውጭኛው ቀድሞ ይነጥቀዋል። ሁለቱንም ስም አስመዘገበችለትና እንደገና ሞከረች። ያዘ። ፕሮግራሙም አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ አመጣ፦ በመሣሪያው ማኅደር ውስጥ ያለ ማንኛውም የግል ቅጂ ይጠፋል፤ ይቀጥል?

አልቀጠለችም። የሰው ማኅደር ማጥፋት የሰው ቤት እንደማቃጠል ነው። ፍላሽ ሰክታ የኪቦርዱን ቅጂዎች በሙሉ ገለበጠች፤ መቶ ዐሥራ ሰባት ነበሩ። መገልበጥ ብቻ ደግሞ አይበቃም፤ ተበላሽቶ የተገለበጠ እንዳልተገለበጠ ነው። ስለዚህ እንደ ልማዷ ሁለት ሦስቱን ከፍታ ልትሰማ ማዳመጫዋን አጠለቀች። ጋሼ ማይክ ሰክተው የሚቀዱ ስለሆነ የሰው ድምፅም አለበት። ቅጂዎቹ ስማቸው አጫጭር ነው፦ «ረጅሙ»፣ «ባለሽሩባዋ»፣ «የዳኛው ልጅ»። አንዱ «ዝምተኛዋ» ይላል። እሱን ነካችው።

መጀመሪያ የወንበር መንቋቋት ተሰማ። ከዚያ የጋሼ ድምፅ፦ «እስቲ ያቺን ከቤትሽ ያመጣሻትን።»

ከዚያ ዜማ ጀመረ። የሬዲዮው የማለዳ ዜማ ነው። ትንሽ ዘግየት ይላል፤ አራተኛው መስመር ከመግባቱ በፊት ትንፋሽ እንደሚወስድ ሰው ቆም ይላል። ጓንት ያቺን ቆምታ ታውቃታለች። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት አንድ መኝታ ክፍል ሲጋሩ ታናሽ እህቷ በትንሿ ኪቦርዷ ስትለማመድ ሁልጊዜ እዚያች ቦታ ላይ ቆም ትል ነበር። ጓንት ያኔ ከሥራ ደክማ ስለምትገባ «ዝም በይልኝ» እያለች ትራስ ትወረውርባት ነበር እንጂ ዜማውን ልብ ብላ ሰምታው አታውቅም።

«ሦስተኛዋን ድገሚ» አለ ድምፁ። ተደገመ። «እንደገና። ግራ እጅሽን ተይው፣ በቀኙ ብቻ።» ከሥር እርሳስ ወረቀት ላይ ሲጫጫር ይሰማል። አምስት ጊዜ አስደገማት። ከዚያ እርሳሱ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ።

«ይኸውልሽ ልጄ፣ እውነቱን ብነግርሽ ይሻላል። ጣትሽ ዜማ የለውም። ጊዜሽን አታባክኚ፤ ሌላ ሙያ ፈልጊ።»

ከዚያ ቀጭን የልጅ ድምፅ፦ «እሺ ጋሼ። አመሰግናለሁ።»

ጓንትን የገለበጣት ያ «አመሰግናለሁ» ነው። ማዳመጫውን ወርውራ ወደ መታጠቢያው ሮጠች፤ የበላችው ምሳ ሁሉ ወጣ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በረሮውም ጥፍሩም አቅለሽልሿት ያውቃል እንጂ አስመልሷት አያውቅም። መታጠቢያውን ሁለት ጊዜ በዱቄት ሳሙና ፈገፈገችው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በልቧ ውስጥ «እሳቸው» መባላቸው ቀረ፤ «እሱ» ሆነ።

ሌሎቹንም ሰማች። መስማት እንደማይገባት ታውቃለች፤ በራሷም እየተጸየፈች ሰማች። ዘጠኝ ልጆች ናቸው። ሁሉም የየራሱን ዜማ ይጫወታል፣ እርሳሱ ይጫጫራል፣ ድገም ይባላል፣ መጨረሻ ላይ አንዱ ተሰድቦ ይባረራል፣ ሌላው «ነገ ደግሞ ሌላ ይዘህ ና» ይባላል። ሦስቱን ዜማዎች በየበዓሉ መድረክ በጋሼ ስም ሰምታቸው ታውቃለች። የሰው ወርቅ አያደምቅ ያለው ሰው ይህን ሰው አላየውም፤ ስንት ዓመት ሙሉ ደምቆበት ኖሯል።

ቅዳሜ እህቷን ምሳ ሰዓት ላይ ጠራቻት። እህትየው መነጽር ቤት ትሠራለች፤ መስታወት እየሳለች ከክፈፉ ጋር የምታስማማው እሷ ናት። ከሥራ እንደወጣች ቦርሳዋን ሳታወርድ ማዳመጫውን አጠለቀችና ቆማ ሰማች። ፊቷ ላይ ምንም አልተነበበም። ሲያልቅ «ድገሚልኝ» አለች። ሁለተኛው ሲያልቅ ተቀመጠች።

«ድምፄ እንዴት ቀጭን ነበር» አለች።

«ሬዲዮ ላይ ሲመጣ አላወቅሽውም?»

«አወቅኩት እንጂ። በራሴ አፈርኩ። ለካ ድሮ ከሳቸው ሰምቼው ኖሯል፣ የራሴ መስሎኝ ስለፋ ከርሜያለሁ አልኩ። ጣትሽ ዜማ የለውም ያሉኝም ለዚህ ነው፣ የራሳቸውን መልሼ ሳመጣላቸው ጊዜ አዝነውልኝ ነው አልኩ።»

«ዐሥራ አንድ ዓመት እንዲህ እያሰብሽ? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? ሌባ ነበርኩ ብዬ?»

ጓንት ሥራ መፍታት ስላልቻለች ተነስታ ገመዱን ሰካች፤ ማስጠንቀቂያው ሲመጣ ይቀጥል አለች። በመስኮቷ ውስጥ አንዲት አረንጓዴ መስመር መሙላት ጀመረች። ስድስት ደቂቃ ይፈጃል፤ በመሃል ገመዱ ከተነቀለ ኪቦርዱ ዳግመኛ አይነሳም፤ ድንጋይ ነው። ጓንት ይህን ለእህቷ አስረዳቻት። አርባ ከመቶ ላይ ሲደርስ እጇ ገመዱን ይዞ ነበር።

«በስሕተት ተነቀለ እለዋለሁ» አለች። «ማን ያውቃል?»

«አትንኪው። መሣሪያው ምን አጠፋ? እሱ እኮ ነው እውነቱን ይዞ የቆየልኝ።»

መስመሯ ሞላች። ኪቦርዱ ጠፍቶ በራ፤ በአዲሱ ጽሑፉ ተነሳ። እህትየው ሃያ ደቂቃ ሙሉ ስትነካካው ምንም ድምፅ አልተያዘም፣ ስክሪኑም አልደረቀም። ከዚያ ጓንት ጠየቀቻት፦ «ቅጂዎቹን ልመልስለት ወይስ ይጥፉ?»

«መልሺለት፤ የሱ ናቸው። ለኛም ግን አስቀሪልን። ሲመጣ ደግሞ እኔም ልኑር።»

ሰኞ እህትየው ከአለቃዋ ፈቃድ ወስዳ መጣች። ጋሼ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ደረጃውን እያቃሰተ ወጣ። ኪቦርዱ በርቶ ሲያይ ደስ አለው፤ አውራ ጣቱን አርጥቦ ስክሪኑን ጠረገ።

«ልሞክርልዎት ጋሼ?» አለች እህትየው።

«እስቲ።»

ዜማውን ተጫወተችው። እሱም ዓይኑን ጨፍኖ በጭንቅላቱ ምት ይጠብቅ ጀመር። ስትጨርስ ዓይኑን ገለጠ።

«ጎሽ። የኔን ዜማ አሳምረሽ ትጫወቻለሽ። አራተኛው መስመር ላይ ግን ቆም አልሽ። እኔ ስጽፈው እዚያ ቆም አይልም። የት ነው የተማርሽው?»

«እርስዎ ጋ።»

አተኩሮ አያት፤ አላወቃትም። እያስመሰለ አልነበረም፤ ከልቡ አላወቃትም። ጓንት ከሁሉ የባሰባት ይህ ነው። የሚሸሽግ ሰው ቢያንስ የሚሸሽገውን ያውቃል፤ ይህኛው በልቶ፣ አፉን ጠርጎ፣ የማንን እንደበላ ረስቶታል።

«ስንቱን ላስታውስ ልጄ? ዕድሜም ነው።»

«ጣትሽ ዜማ የለውም ብለውኝ ነበር።»

«እንግዲያማ ተሻሽለሻል» አለና ሳቀ።

ጓንት እጇን ዘርግታ ቅጂውን ከፈተችው። የወንበሩ መንቋቋት፣ ዜማው፣ እርሳሱ፣ «ሦስተኛዋን ድገሚ»፣ ሁሉም በክፍሉ ውስጥ ተሰማ። እሱ ቆሞ ሰማ። «አመሰግናለሁ» የሚለው ጋ ሲደርስ ሳቁ ፊቱ ላይ አልነበረም፤ ሐፍረትም ግን አልመጣም። የመጣው ብስጭት ነው።

«የሰው ዕቃ ውስጥ እጅ መክተት ነውር ነው» አለ ወደ ጓንት ዞሮ።

«እውነት ነው። ነውር ሠርቻለሁ። እርስዎስ?»

ከዚያ ድምፁ ማር ሆነ። «ስሙኝ ልጆቼ። ተማሪ ጭቃ ነው ይዞ የሚመጣው። ጭቃውን ሸክላ የሚያደርገው መምህሩ ነው። ያቺ ዜማ በልጅቷ እጅ ብትቀር ከመኝታ ቤት ባልወጣች። እኔ ነኝ ለከተማው ያደረስኳት።»

«እንግዲያው ጭቃዬን ይመልሱልኝ» አለች እህትየው።

«ነይ አብረሽኝ ሥሪ» አለ ጠጋ ብሎ። «ጀማሪዎቹን አንቺ ታስተምሪያለሽ። ከስሜ ሥር ስምሽን አስጽፋለሁ፤ ረዳት ብዬ።» ይህን እያለ ምራቅ የነካውን እጁን ትከሻዋ ላይ አኖረው። እህትየው እጁን በሁለት ጣት አንስታ፣ አንድ ዕቃ ወደ ቦታው እንደሚመለስ አድርጋ ወደ ራሱ መለሰችለት። እሱም ሾፌሩን ጠርቶ ኪቦርዱን አሸክሞ ወረደ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ፣ «ጥገናው ግን ጥሩ ነው» አለ። ዓይኑን በጨው ያጠበ ማለት እንዲህ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሰው እንደሚመኘው አልሆነም። ሁለቱ እህትማማቾች ዘጠኙን ልጆች ፈለጉ፤ አራቱን አገኙ። አንዱ ቅጂውን ተቀብሎ አለቀሰ። አንዱ «ያለፈ አልፏል፣ ተዉኝ» አለ። ባለሽሩባዋ የምትባለው ዛሬ የልጆች እናት ናት፤ እጃቸውን ይዛ ለመነቻቸው። «እባካችሁ ጋሼን እንዳታስቀይሙብኝ። ልጄን እያስተማሩልኝ ነው። ጎበዝ ነው ብለውኛል፣ የራሱን ዜማ ይዞ እንዲመጣ ነግረውታል።» ጓንት ይህን ስትሰማ የቀረበላትን ውሃ አስቀምጣ ተነሳች። ቅጂውን ካሰሟት በኋላ እንኳ ልጄን ከጋሼ ላስወጣ አላለችም። ሴትየዋ አቀርቅራ፣ «እኔንም ያኔ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው» ብቻ አለች። አራተኛው ግን ጠበቃ ሆኖ ኖሮ ለሬዲዮው ደብዳቤ ጻፈላቸው።

ሬዲዮው ለአራት ወር ዝም አለ። ከዚያ አንድ ጠዋት የዝግጅቱ መሪ ዜማውን ሲያስተዋውቅ የጋሼን ስም አልጠራም። የእህትየውንም አልጠራም። «የዜማው ደራሲ ያልታወቀ» አለ። ጣጣ ውስጥ ላለመግባት ነው ብሎ አንድ የሬዲዮው ሠራተኛ በኋላ ነገራቸው። ጋሼ ዛሬም ያስተምራል፤ በየመድረኩም ይጋበዛል፤ «ከተማውን የሚቀሰቅሱ» የሚለውን ብቻ ዛሬ ማንም አይናገረውም።

ጓንት ያን ጠዋት ሬዲዮውን ሰምታ እንዳበቃች በቀጥታ ወደ መነጽር ቤቱ ሄደች። እህቷ መስታወት መሳያው ማሽን ላይ ነበረች፤ እሷም ሰምታለች። «ያልታወቀ» እያለች እስከ እንባዋ ሳቀች፤ ማሽኑን ማጥፋት ግድ ሆነባት። «አከራዬ በየወሩ አንድም ቀን ሳይዘነጋ ያውቀኛል፣ እነሱ ግን አላወቁኝም» አለች። ከዚያ ፊቷን ጠረገች። «ቢያንስ የሱ አይደለም። ይብቃኝ፤ ሥራ አለብኝ።»

ለጓንት አልበቃትም። ሳቁም አልመጣላትም። ወደ ሥራ ቤቷ ተመልሳ አንድ ወረቀት ላይ በትልቁ ጻፈችና በሩ ላይ ለጠፈችው፦ «ዕቃዎን ከማምጣትዎ በፊት ማኅደሩን ራስዎ ገልብጠው ባዶ ያድርጉት።» ደንበኞች ለጥገናው የሚያስፈልግ ነገር ይመስላቸዋል። ሳያጠፋ የሚመጣ ሲኖር ደረጃውን አስወርዳ ትመልሰዋለች፤ ለምን ብሎ ለሚጠይቃት ሌላ «አመሰግናለሁ» ላለመስማት መሆኑን አትናገርም።